«ምታና ሩጥ» ያልኩባት ቅዳሜ

ደሴ ስማር፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ሰፈሬን ስንት ጊዜ አልፌ እንደሄድኩ አላስታውስም። ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል እጠብቃለሁ። የሚል ከተገኘ ተከትዬው እወርዳለሁ፤ ካልተገኘ መጨረሻው ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «የት ቆየህ?» ሲሉኝ ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ ዝም ነው።

ይመር እባላለሁ፤ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እንተባተባለሁ። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ነው ቆሞ የሚቀረው። በተለይ በ«መ» እና በ«ም» የሚጀምሩ ቃላት ደመኞቼ ናቸው። ክፋቱ የከተማዬም ስም በ«መ» ይጀምራል። ከየት ነህ ሲሉኝ «ወሎ ቦረና» ብዬ እገላገላለሁ።

እንዲህ ያለው ሰው መምህር ሆነ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጂኦግራፊ ተምሬ እዚሁ ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ክፍል ግን አልገባሁም። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ስለነበሩ ለምኜ ቤተ መጻሕፍቱን ያዝኩ። መጽሐፍ ማውጣት፣ መጽሐፍ መመለስ፣ ማኅተም መምታት። ተማሪው ርዕሱን ይነግረኛል፣ እኔ አወርድለታለሁ። ቀኑ ሙሉ ቃል ሳይወጣኝ ይመሻል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ኑሮ ደስተኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ቤዝቦል ሕይወቴ ውስጥ የገባው በእንግሊዝኛ መምህርቷ በሐያት በኩል ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ፣ ድሮ እዚህ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ትቶት የሄደ ሳጥን አገኘች። ውስጡ ካርዶች፣ ቁጥር ያለባቸው ዳይሶችና የመጫወቻውን ሜዳ የሚያሳይ ሰሌዳ ነበሩ። መመሪያውን ቁጭ ብላ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ከዚያ ክበብ አቋቋመች። ሜዳውንም ኳሱንም በዓይናችን አይተን የማናውቅ ሰዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የለየልን ተጫዋቾች ሆንን።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው ሦስት ማረፊያዎችን አልፎ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ ነጥብ ነው። ኳሱ ከቀደመው ግን ሞተ። ሦስት ሰው ሲሞትብህ ተራው ለሌላው ይሄዳል። ዘጠኝ ዙር ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ አለው፤ ዳይስ ትጥላለህ፣ የወጣውን ቁጥር ካርዱ ላይ ትፈልጋለህ፣ የሆነውን ትሰማለህ። የካርዶቹ ስሞች ለአፋችን ስላልተመቹ ሁሉንም በቅጽል ስም ጠመቅናቸው።

ካርዱ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ መደበኛው ነው። ሁለተኛው ሐያት «ምታና ሩጥ» ብላ የተረጎመችው ስልት ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ያለው ሰውህ ኳሱ ገና ሲወረወር መሮጥ ይጀምራል፤ መቺው ደግሞ የመጣለትን ኳስ ሁሉ የመምታት ግዴታ አለበት። ከመታ፣ ሯጩ ቀድሞ ስለተነሳ አይደርሱበትም፤ እንዲያውም እሱን ለመያዝ ተከላካዩ ቦታውን ለቆ ሲሄድ ኳሱ በክፍት ቦታ ሾልኮ ያልፋል። ከሳተ ግን ሯጩ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ይሞታል። ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ወረቀት ላይ ደፋር ነበርኩ። መቼ እንደሚያዋጣ ከክበቡ ሁሉ አብልጬ አውቃለሁ። ብቻ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ስልቱን ጮክ ብሎ መጥራት ያስፈልጋል፤ ስሙ ደግሞ በ«ም» ይጀምራል። የክበቡ ልጆች ስለሚያውቁኝ የክብሪት እንጨት ዓምዱ ላይ እንዳስቀምጥ ፈቀዱልኝ። በክብሪት እየተናገርኩ ሁሉንም አሸነፍኳቸው።

ከኛ ትምህርት ቤት ወደ ደጎሎ የተዛወረ አንድ መምህር ካርዶቹን ኮፒ አድርጎ ወስዶ ነበር፤ ጨዋታው እዚያም ተለመደ። ባለፈው ዓመት የሁለቱ ከተማ ሰዎች ስልቱን ካርዱ ላይ በጣት እያመለከቱ ሲጫወቱ፣ «ጣትህ የነበረው እዚህ ላይ ነው»፣ «የለም እዚያ ላይ ነው» ተባብለው ሊጣሉ ደረሱ። ስለዚህ ለዘንድሮው አንድ ደንብ ወጣ፤ ስልት በምልክት አይሆንም፣ በአፍ ብቻ ይነገራል። ዳይሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ የተባለም አይቆጠርም።

የመካነ ሰላምን ወገን ወክዬ እንድጫወት የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ደንቡን ስሰማ ሐያትን «ሌላ ሰው ይ-ይግባ» አልኳት።

«ማን ይግባ? ሁላችንንም ያሸነፍከን አንተ ነህ» አለችኝ። «ካልፈለግክ ምታና ሩጥን አትጥራው። በመደበኛው ተጫወት።»

በዚያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። የጂኦግራፊ መምህሯ ልትዛወር ነው። «ይመር፣ ልጄ፣ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ዘጠነኛ ክፍል ትገባለህ። ከዚህ በላይ ላቆይህ አልችልም» አሉኝ። ከቢሮው ወጣሁ። ደሴ ጨርቅ መሸጫ ያለው አጎቴ ሁልጊዜ «ና አብረን እንሥራ» ይለኝ ነበር። እሱ ዘንድ እሄዳለሁ አልኩ ለራሴ። ቅዳሜ እጫወታለሁ፣ ሰኞ መልቀቂያ እጠይቃለሁ። ልቤ ቆርጦ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደጎሎ ሰዎች መጡ። የሚጫወተው ጋሽ ሙሉጌታ ይባላል፤ ስንዴና ገብስ የሚጭን የመኪና ሹፌር ነው። ጎልማሳ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ሰው። ገና ከበሩ «እንደምን ዋላችሁ የቦረና ልጆች፣ ልትሸነፉ ተዘጋጃችሁ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እጄን ይዞ «አብሽር ወንድሜ፣ ቀስ አድርጌ ነው የማሸንፍህ» አለኝ። ፈገግ አልኩና ወንበሬን ሳብኩ። ሐያት ዳኛ ሆና መሃላችን ተቀመጠች። ቤተ መጻሕፍቱ ከጥግ እስከ ጥግ በተማሪና በመምህር ተሞልቷል፤ ቦታ ያጡት መስኮት ላይ ወጥተዋል።

ጋሽ ሙሉጌታ የሚጫወተው በአፉም ጭምር ነበር። ከዳይሱ ጋር ያወራል፣ ካርዱን ይቆጣል፣ የኔን ተጫዋቾች ያሽሟጥጣል። «ምታና ሩጥ!» ብሎ ሲጠራ መስኮቱ የሚነቃነቅ ይመስላል። እኔ ዝም ብዬ እጥላለሁ። በሦስተኛው ዙር አንድ ነጥብ አስገባ፣ እኔም አስገባሁ። ሁለት ጊዜ ምታና ሩጥ መጥራት የነበረብኝ ቦታ ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ በመደበኛው ጣልኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሁለት ሁለት ሰው ባንዴ ሞተብኝ። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ሦስት ለሁለት እየመራኝ የመጨረሻው ተራዬ ደረሰ። አንድ ነጥብ ካላስገባሁ አለቀ። የመጀመሪያው ሰዬ ሞተ። ሁለተኛው «ሽንቅጡ» የምንለው ፈጣን ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ደረሰልኝ። ቤቱ ተነቃቃ። ቀጥሎ የሚመታው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ድብልብሉ»።

ድብልብሉ ኳስ አይስትም። ችግሩ የሚመታው መሬት ለመሬት ነው፣ መሮጥ ደግሞ አልፈጠረበትም። መደበኛ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች «ሁለት ሰው ይሞታል፣ ሁለት ሰው ይሞታል» ነው። ምታና ሩጥ ዓምዱ ግን ለምለም ነው። ይህን ጨዋታ የሠራው ሰው ያንን ስልት ለድብልብሉ ብቻ ያሰበው ይመስላል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ሐያትም ታውቃለች፤ ከኋላዬ የቆሙት የክበቡ ልጆች ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ዳይሶቹን በመዳፌ ጨበጥኳቸው። በመደበኛው ልጣልና ይለቅ አልኩ። ሰኞ ስለምሄድ ማን ምን ይለኛል? እጄን አነሳሁ። እጄ አልጥል አለ። ወላሂ፣ ዛሬም ድረስ ምን እንደያዘው አላውቅም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትክክለኛውን ነገር እያወቅሁ፣ በዚያች አንዲት ፊደል ምክንያት ለሦስተኛ ጊዜ ልተወው ነው።

አፌን ከፈትኩ።

«ም…»

ከንፈሬ ገጥሞ ቀረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ም-ም…» አንገቴ ላይ ያለው ሥር ሲወጠር ተሰማኝ። መስኮቱ ጋ አንድ ተማሪ ኪኪ ብሎ ሳቀ፣ ሌላው ዝም አስባለው። ሐያት አላስቻላትም።

«ዳኛዋ እኔ ነኝ፣ የፈለገውን አውቄዋለሁ፣ እንዲያልፍ…» ስትል ጋሽ ሙሉጌታ እጁን አነሳ።

«ተይው እህቴ። እሱ ይበለው።»

ደሜ ፈላ። ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ነበር። የክበቡ ልጆችም አጉረመረሙ፤ አንዱ «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እያየ» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አድርጎ ተደላደለ። ያ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ፣ በለሆሳስ ነው የተናገረው።

«የሚቸኩል ካለ በሩ ክፍት ነው። እኔ ደጎሎ የምገባው ነገ ነው። አብሽር ወንድሜ፣ ቃልህን ጨርስ።»

በሕይወቴ ሰው ቃሌን ሲጨርስልኝ እንጂ ሲጠብቀኝ አላውቅም ነበር። እናቴ እንኳ ከፍቅሯ የተነሳ ትጨርስልኛለች። ይህ የደጎሎ ሰው ግን ፊቱን ሳያዞር፣ ሳያዝንልኝ፣ ሳይስቅብኝ፣ እንደ ማንኛውም ተጫዋች ተራዬን እየጠበቀ ነው። መጠበቁ ራሱ ትከሻዬን አላላው።

«ም-ም-ም… ምታ-ና ሩ-ሩጥ» አልኩ።

ቆንጆ ሆኖ አልወጣም። ተቆራርጦ፣ ተንገዳግዶ ነው የወጣው። ግን ወጣ። ሐያት «ተሰምቷል» አለች። ዳይሱን ጣልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለና ቆመ። ሐያት ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ከካርዱ ላይ ፈለገች። ስታነብ ድምጿ ከፍ እያለ ሄደ። «መሬት ለመሬት… ተከላካዩ በለቀቀው ቦታ… ያልፋል። ሯጩ ሦስተኛ ማረፊያ ይደርሳል።»

ቤቱ ፈነዳ። መስኮት ላይ የነበሩት ወደ ውስጥ ዘለሉ። ጋሽ ሙሉጌታ ካርዱን ቀስ ብሎ ሳበና ያንኑ ቁጥር በመደበኛው ዓምድ ላይ ፈለገው። ካየው በኋላ ለሁሉም እንዲታይ አዞረው። «ሁለት ሰው ይሞታል» ይላል። በዝምታ ብጥለው ኖሮ ጨዋታው እዚያው አልቆ ነበር።

«ያረብ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «አፍህ አዳነህ።»

ቀጣዩ መቺዬ ኳሱን ሽቅብ ላከው። ተያዘ፣ ሞተ፤ ሽንቅጡ ግን ከሦስተኛው ተነስቶ ገባ። ሦስት ለሦስት። ልጆቹ ጀርባዬን ሲደልቁት ሕመሙ እንኳ አልተሰማኝም።

አሁን ሁለት ሰው ሞቶብኛል፤ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ የቆመው ያው ወፍራሙ ድብልብሉ ነው። አእምሮ ያለው ሰው በመደበኛው ይጥላል። እኔ ግን ያን ቃል ደግሜ ማለት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሕፃን አዲስ ቃል ሲያገኝ እንደሚያደርገው ነው። ቀና ብዬ ጋሽ ሙሉጌታን አየሁት። ገባውና ዓይኑ ሳቀ።

«እንደገና?»

«ም-ም-ም-ም… ምታና ሩጥ።»

ከመጀመሪያው የባሰ ተያዝኩ፤ ሁሉም ጠበቀኝ። ጣልኩ። ሐያት አነበበች። «መቺው ሳተ። ሯጩ መሃል መንገድ ላይ ተያዘ።» ያ ድብልብል ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሲሮጥ፣ መሃል ላይ ኳስ ይዘው ሲጠብቁት ለሁላችንም ታየን፤ ቤቱ በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሰው ፊት ቃል ተናግሬ፣ የተናገርኩት ነገር ከሽፎብኝ፣ ሰማዩ አልተደፋም። ሳልናገር የኖርኩት ይህን ፈርቼ እንደነበረ የገባኝ እዚያ ሳቅ ውስጥ ነው።

አሥረኛ ዙር ገባን። ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ሰው የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ አደረሰ። ዳይሱን ይዞ አየኝ፤ ቀስ አድርጎ፣ በትልቅ ሰው ጨዋነት፣ «ምታና ሩጥ» አለ። ኳሱ ከተከላካዮቼ መሃል ሾልኮ አለፈ፣ ሯጩ ሦስተኛ ደረሰ፣ ቀጥሎ በመጣው ምት ገባ። በተራዬ ሦስቱም ሰዎቼ ተከታትለው ሞቱ። አራት ለሦስት ተሸነፍኩ። ልጆቹ ግን እንዳሸነፈ ሰው ተሸክመውኝ ወጡ፤ የደጎሎዎቹ ግራ ተጋብተው አጨበጨቡ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር፣ ብርዱ ጀምሯል። ጋሽ ሙሉጌታ ከሰዉ ነጥሎ ወደ አጥሩ ወሰደኝ።

«ተቀይመኸኝ ነበር?» አለኝ።

«መ-መጀመሪያ ላይ» አልኩት። በ«መ» የሚጀምር ቃል ሳልሸሽ ማለቴን ልብ ያልኩት ከወጣ በኋላ ነው።

አጥሩን ተደግፎ ቀጠለ። «ልጅ አለችኝ፤ ቤተልሔም። ሰባተኛ ክፍል ናት። እንደ አንተው ቃል ይይዛታል። እናቷ ትጨርስላታለች፣ እኔም እጨርስላት ነበር፣ አስተማሪዋም ይጨርስላታል። አንድ ቀን አልቅሳ፣ ‹አባዬ፣ ቃሌን ትበሉብኛላችሁ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ተማርኩ። ለኔ ለለፍላፊው ከባድ ነው።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ክፍል ውስጥ ማንበብ እምቢ ብላለች። እንደሷ የሚናገር ትልቅ ሰው ሰምታ አታውቅም። ታናግርልኛለህ?»

ስልክ ከሁሉም ይከፋብኛል። ሲጮህ እንኳ ሸሽቼ ነው የምኖረው። ግን ይህን ሰው እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። ደውሎ ሰጠኝ።

«ሄሎ» አለች ቀጭን ድምፅ።

«ይ-ይመር ነኝ። ከአባትሽ ጋር ስጫወት ነበር።»

ዝም አለች። ቀጥላ «አ-አሸነፍከው?» አለች።

«አ-አላሸነፍኩትም።»

እንደገና ዝም። ሁለታችንም አልቸኮልንም። «አንተንም ይ-ይይዝሃል?»

«አዎ። ‹ም› ላይ። አንቺንስ?»

«ስ-ስሜ ላይ።» ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። «ስምሽ ማነው ሲሉኝ ዝም ነው የምለው። ባ-ባለጌ ናት ይሉኛል።»

«እኔ ግን አልጠየቅሁሽም» አልኳት። «ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። እኔ አ-አልቸኩልም።»

ረጅም ጊዜ ቆየን። ከወዲያ ማዶ ያንን የተገጠመ ከንፈር፣ ያንን ትግል አውቀዋለሁ፤ ከሷ ጋር አብሬ ተወጠርኩ። ስሟን አስቀድሜ ባውቀውም አልጨረስኩላትም። አባቷ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ቤ-ቤ-ቤ… ቤተልሔም» አለች።

«እንተዋወቅ ቤተልሔም» ስላት ሳቀች። ጋሽ ሙሉጌታ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ልለቅ እንደነበር እሳቸው አያውቁም። «ክፍል እ-እገባለሁ» ብቻ ነው ያልኳቸው። ሴሚስተሩ ሲጀምር ዘጠነኛ ክፍል ፊት ቆሜ «መ-መምህር ይመር እባላለሁ፤ ቃል ይይዘኛል፤ ስያዝ ጠብቁኝ» አልኩ። የሳቁ ነበሩ። ለጥቂት ሳምንት ሳቁ፣ ኋላ ሰለቻቸው። አሁን ስያዝ እስኪብርቷቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እንዲያውም ማስታወሻ ለመጻፍ ጊዜ ስለምሰጣቸው ከሌሎቹ መምህራን ይልቅ የኔ ክፍለ ጊዜ እንደሚመቻቸው አንዷ ነግራኛለች።

አንባቢዎቼ፣ ድኛለሁ እንዳልል ዛሬም እንተባተባለሁ። ይህን ታሪክ በቃል ንገረን ብትሉኝ ከናንተ ጋር ማምሸቴ ነው። የተለወጠው ምላሴ አይደለም። ድሮ ቃል ሲይዘኝ ጥፋት የሠራሁ ይመስለኝና ሁሉን ነገር እተው ነበር፤ አሁን ቃሉ የኔ እንደሆነና የሚፈጀውን ጊዜ ቢፈጅ ጥሪው የኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ያወቅሁት ደግሞ ምክር ተሰጥቶኝ አይደለም። አንድ ሰው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለጠበቀኝ ነው።

እናንተም አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ወይም በገዛ ቤታችሁ ማዕድ ላይ ቃል የያዘው ሰው ያጋጥማችሁ ይሆናል። የሚለውን ታውቁት ይሆናል፤ ብትጨርሱለት የረዳችሁት ይመስላችሁ ይሆናል። ተዉት። ዓይኑን እያያችሁ ትንሽ ቆዩለት። ቃሉ ይመጣል።